የጓሮ ኩሬ ድንጋይ ይልበስ ወይስ ባዶውን ይቅር? የሚባለውና እውነታው

ጅማ ላይ ግቢው ውስጥ ኩሬ ለመቆፈር የተነሣ ሰው መካሪ አያጣም። ጎረቤቱም ግንበኛውም "ድንጋይ አልብሰው" ይሉታል። እኔም እሺ ብዬ ወለሉን በሙሉ በድቡልቡል የወንዝ ድንጋይ ሸፍኜው ነበር። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ አንድ በአንድ ለቅሜ አወጣሁት።

"ቀይ አፈራችን ራሱ ውሃ ይይዛል"

አይይዝም። ቡና የሚስማማው እኮ ይህ አፈር ጥልቅ ሆኖ ውሃ ስለሚያሳልፍ ነው፤ የቡና ሥር ውሃ ሲተኛበት አይወድም። ሐምሌ ላይ ጉድጓዱ ሞልቶ የሚታየው ዝናቡ ፋታ ስለማይሰጥ ነው። በጋ ሲገባ ይደርቃል። ድንጋይ መደርደርም ለውጥ አያመጣም፣ ውሃው በመካከሉ ይሰርጋል። ውሃ የሚይዘው ጂኦመምብሬን የሚባለው ወፍራም ፕላስቲክ ነው።

"ድንጋይ ከሌለ ውሃው አይጠራም"

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ። ከዓሣ የሚወጣውን አሞኒያ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ውሃ ውስጥ ያለ ነገር ላይ ተለጥፈው ይኖራሉ፤ ድንጋይ ማረፊያ ይጨምርላቸዋል። ግን ባዶው ፕላስቲክም ማረፊያቸው ነው፤ በእጅ ሲነኩት የሚያሟልጨው ስስ ሽፋን የእነሱ ሥራ ነው። ደግሞም ኦክስጅን ይፈልጋሉ። በድንጋዮቹ መካከል የአቮካዶ ቅጠል፣ የዓሣ ኩስና ጎርፍ ያመጣው አፈር ሲጠራቀም ኦክስጅኑ ያልቃል።

ጥቅምት ላይ የመጀመሪያውን ድንጋይ ሳነሣ ከሥሩ እንደ አተላ የወፈረ ጥቁር ጭቃ ወጣ፤ ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው። ይህን ሽታ የሚሰጠው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ለዓሣ መርዝ ነው። አሁን ወለሉ ባዶ ስለሆነ ቅጠሉን ሳይበሰብስ በማጥለያ አወጣዋለሁ።

"ድንጋይ ፕላስቲኩን ይበሳዋል"

ድቡልቡል ድንጋይ ቀስ ብሎ ከተቀመጠ አይበሳም። የሚበሳው ከታች የቀረ ስለታም ጠጠርና የሥር ጉቶ ነው። መጀመሪያ ጉድጓዱን ለቅሞ ማጽዳት፣ ከዚያ አሸዋ ወይም የቆየ ጆንያ ማንጠፍ ይበቃል። ድንጋዩን በሲሚንቶ ያስያዘ ሰው ግን ዓሣ ለመጨመር አይቸኩል፤ አዲስ ሲሚንቶ የሚለቀው ኖራ ዓሣ ይገድላል። ውሃውን ደጋግሞ መሙላትና መድፋት ያስፈልጋል።

"ባዶ ፕላስቲክ ፀሐይ ይጨርሰዋል"

ውሃ የሸፈነውን ክፍል ብዙም አይጎዳውም። ፀሐይ የሚያደርቀውና የሚሰነጥቀው ከውሃው በላይ የቀረውን ዳር ነው። ስለዚህ ድንጋዩን ለዳር አውሉት፤ ለዓይንም የሚያምረው እዚያ ነው።

"ኩሬ ያለበት ግቢ ወባ አይለቀውም"

ይህ ስጋት በእኛ አካባቢ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም በአገራችን ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፊለስ አራቢያንሲስ የምትባለው ትንኝ የምትወደው ፀሐይ የሚያርፍበትን ትንሽና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው፤ የከብት ኮቴ የፈጠረው ጉድጓድ እንኳ ይበቃታል። ዓሣ ያለበት፣ ዳሩ ቀጥ ያለና ሣር ያልበቀለበት ኩሬ አይመቻትም፤ ትንንሽ የቆሮሶ ዓሣዎች የትንኟን እጭ ይለቅሙታል። ድንጋዩ ውሃው ውስጥ ሲገባ ነው ችግሩ፤ ዓሣ የማይደርስበት ስንጥቅ ለእጭ መደበቂያ ይሆናል። የዳሩን ድንጋይ ከውሃው በላይ አስቀምጡት።

እንቁላሏ ትንኝ እስኪሆን በሙቀት ወቅት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅ፣ በየሳምንቱ ከዳር ዳሩ በነጭ ኩባያ እየቀዱ ማየት ነው። ውሃው ላይ ጋደም ብሎ የሚንሳፈፈው እጭ የአኖፊለስ ነው፤ ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው የሌላ ትንኝ ነው።