ፊደል ከመቁጠር እስከ ተረት መጽሐፍ፦ ልጆችን ንባብ ማስተማርና ማስወደድ በኢትዮጵያ

አንድ ልጅ ማንበብ ጀመረ ለማለት «ፊደል ቆጠረ» እንላለን። አባባሉ እንዲያው የመጣ አይደለም። የኢትዮጵያ ልጆች ለብዙ ዘመን ንባብን የጀመሩት በእርግጥም በመቁጠር ነው፤ ገበታው ፊት ተቀምጠው፣ ስንደዶ ይዘው፣ እያንዳንዷን ሆሄ እየነኩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። መጽሐፍ ገልጦ መደሰት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ብዙ ዘግይቶ ነው የመጣው።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የመጀመሪያው ደረጃ ንባብ ቤት ይባላል። ሀሁን የጨረሰ ልጅ ወደ አቡጊዳ ያልፋል። የጥንት መምህራን ብልሃት እዚህ ላይ ይታያል። ሀሁ ዜማ ስላለው ልጁ ፊደሉን ሳያይ በቃሉ ሊወርደው ይችላል፤ አቡጊዳ ግን ቅደም ተከተሉን አፍርሶ፣ ድምፁንም በየእርምጃው ይቀይርበታል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ሸምድዶ የመጣ እዚህ ይያዛል። ከዚያ ፊደለ ሐዋርያ የሚባለው የዮሐንስ መልእክት፣ ወንጌል፣ በመጨረሻም 150ው መዝሙረ ዳዊት ይከተላሉ። የኔታ የሚያርሙት የሆሄ ስህተትን ብቻ አይደለም፤ ቃሉ በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚነበብ የሚለዩትን የንባብ ስልቶች አደባልቆ፣ ተነሹን እንደ ወዳቂ፣ ሰያፉን እንደ ተጣይ ያነበበም ይመለሳል። ዳዊት የደገመ ልጅ የቤተሰቡ ኩራት ነው።

አንድ ነገር ግን ይጎድላል። ልጁ የሚያነበው ግእዝ ነው፤ አፉን የፈታበት ቋንቋ አይደለም። ዳዊትን እንደ ውኃ እያወረደ የሚለው ላይገባው ይችላል፤ ትርጓሜው ከዓመታት በኋላ፣ ለዚያውም ትምህርቱን ለገፋበት ነው የሚመጣው። በቁርኣን ቤት በእንጨት ሰሌዳ ላይ ዐረብኛ ፊደል የሚማረው ልጅም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። ሁለቱም ቤቶች ጠንካራ አንባቢ አፍርተዋል። ንባብ ግን እዚያ ግዴታና ጸሎት ነበር፤ መጫወቻ አልነበረም።

ጨዋታው ያለው ቤት ውስጥ ነበር። ማታ እሳት ዳር አያት «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆች «የላም በረት» ብለው ይቀበላሉ፤ ከዚያ ጦጣና ጅብ፣ አንበሳና ቀበሮ፣ ስንዝሮም ይመጣሉ። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» እስኪባል ድረስ የሚያንቀላፋ የለም። እንግዲህ ታሪኩ እሳት ዳር፣ ፊደሉ የኔታ ዘንድ ሆኖ ሁለቱ ሳይገናኙ ኖሩ። በእኔ ግምት በአገራችን የልጆች ንባብ ችግር ከድህነቱ እኩል ከዚህ መለያየት ይመነጫል።

ዘመናዊ ትምህርት ቤት ፊደሉን ለብዙኃኑ አደረሰ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር፣ ከልጆቹ ይልቅ ወላጆቹንና አያቶቹን ነበር ያስቀመጠው። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲማር ፈቀደ። የክፍሉ ልማድ ግን ብዙም አልተለወጠም፤ መምህር ያነባል፣ ተማሪ በአንድ ድምፅ ይደግማል። እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስት ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ለደረጃቸው ከተዘጋጀው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ሙሉ በኅብረት ሲደግም የኖረ ልጅ ብቻውን ገጹ ፊት ሲቀመጥ እንዲህ ይሆናል። አቡጊዳ የታሰበው ለዚሁ አልነበረም?

ታሪኩን ከእሳት ዳር አውጥቶ ለከተማ ልጅ ያደረሰው መጀመሪያ መጽሐፍ ሳይሆን ቴሌቪዥን ነው። አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሳህሉ) ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ተርተዋል። ኋላ ላይ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን ዝግጅት ጀመረች፤ ፀሐይ ጠያቂ ቀጭኔ ናት፣ የተሠራችውም በአሻንጉሊት ነው።

መጽሐፉን በተመለከተ ደግሞ የዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ታሪክ ሳይነሳ አይታለፍም። ዮሐንስ በስደት በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የልጆች መጻሕፍት ባለሙያ ሆኖ ሲሠራ፣ በመደርደሪያው ላይ የብዙ አገር ልጆች በቋንቋቸው የተጻፈ ሲያገኙ የአማርኛ አለመኖሩ ከነከነው። «ሞኙ ማሞ» የተባለውን የታወቀ ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ባለቀለም ሥዕል አሳትሞ፣ ወደ አገሩ ተመልሶ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ፤ ጋሪው ሰፈር ሲደርስ ሳጥኑ ይከፈታል፣ ልጆቹም ዙሪያውን ተቀምጠው ያነባሉ። አህያዋ በዓለም ጋዜጦች ላይ ከመጽሐፎቹ በላይ ታዋቂ ሆነች፤ ዋናው ነገር ግን ልጁ መጽሐፉን ራሱ መርጦ ማንሳቱ ነበር። መምህሩ አልመረጠለትም፣ ፈተናም አይጠብቀውም። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ አካባቢ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ለልጆች የተለየ ቦታ አለው። ከትልልቅ ከተሞች ርቆ ላለ ልጅ ግን አሁንም የመማሪያ መጽሐፉ ብቸኛ መጽሐፉ ነው።

ፊደሉ ራሱም የራሱ ጠባይ አለው። 33 ሆሄ በሰባት ቤት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። ካዕቡና ሣልሱ አመሉ ቶሎ ይያዛል፤ ሳድሱ ግን ከሆሄ ሆሄ መልኩን ይለዋወጣል፣ አንዳንዴ ድምፅ አለው፣ አንዳንዴ የለውም። ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ዓይነት ተነብበው ለየብቻ ይጻፋሉ። ይሁንና ልጅ አንዴ ከያዛቸው የሚጻፈውና የሚነበበው እምብዛም አይለያይም፤ በዚህ ከእንግሊዝኛው ብዙ ይሻላል። አስቸጋሪው ጽሕፈቱ የማያሳየው ነገር ነው፦ መጥበቅና መላላት። «ዋና» ሲላላ ወንዝ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ ግን የነገሩ አስኳል ነው። ይህን ገበታ አያስተምርም፤ የሚያስተምረው ሰው ሲያነብ መስማት ነው። ለዚህ ነው ጮክ ብሎ ለልጅ ማንበብ በአማርኛ ከፍቅር መግለጫነት አልፎ ራሱ ትምህርት የሚሆነው። እናት ወይም ታላቅ እህት በጣቷ እየተከተለች ስታነብ፣ ገጹ ሳይገለጥ «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ስትል፣ አያት እሳት ዳር ያደርጉት የነበረውን ፊደሉ ላይ ታመጣዋለች።

ይህ በጣም የሚታየው በውጭ አገር ባደጉ ልጆች ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በቴል አቪቭ አማርኛን በጆሮው የሚያውቅ፣ ፊደሉን ግን ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚያየው ልጅ ብዙ ነው። በሁለት ቋንቋ የሚታተሙ ባለሥዕል መጻሕፍት ለእነዚህ ቤተሰቦች ትልቅ ድጋፍ ሆነዋል። ልጁ ሆሄዎቹን አንድ በአንድ ለቅሞ «ገና መጣ» የሚለውን ያነባል፤ አላጠበቀውም፣ ስለዚህ እንግዳው አሁን ገና የደረሰ ይመስለዋል። እናትየው ከወጥ ቤት ሆና «ገናን አጥብቀው! በዓሉ እኮ ነው» ትለዋለች።