ጊታር ላይ «650» ሲባል ምኑ ነው የሚለካው?

ጥያቄው ግሩፑ ላይ ስለተደጋገመ ላብራራው። 650 የጊታሩ ሙሉ ቁመት አይደለም። ሙሉው ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል። 650 ሚሊሜትር የሚባለው የሚርገበገበው የክሩ ክፍል ነው፤ አንገቱ ጫፍ ካለችው ነጭ አጥንት ብሪጁ (ክሩ አካሉ ላይ የሚታሰርበት እንጨት) ላይ እስካለችው ድረስ።

ሜትር ካላችሁ ሞክሩት። ከላይኛዋ አጥንት እስከ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ብረቶች 12ኛው) ለኩና በሁለት አባዙት። የለካችሁት 325 ከሆነ ጊታራችሁ 650 ነው። ቀጥታ እስከ ብሪጁ ከለካችሁ ግን ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ሊበልጥ ይችላል። አትደንግጡ፣ አልተበላሸም። ክሩን በጣት ስንጫነው የድምፁ ቅኝት ትንሽ ከፍ ስለሚል፣ ሠሪው ያንን ለማካካስ ሆን ብሎ የሚጨምራት ናት።

12ኛው ፍሬት ግማሹ ላይ መሆኑ አይለወጥም። ቁጥሩ ግን እንደ ሠሪው ነው። 650ን ያስለመደው የስፔኗ አልሜሪያ ጊታር ሠሪ አንቶኒዮ ደ ቶሬስ (1817–1892) ነው። የማድሪዱ ሆሴ ራሚሬዝ ሦስተኛው ደግሞ 664 ይሠራ ነበር። ክሩ ሲረዝም ይበልጥ ይወጠራል፣ ፍሬቶቹም ይራራቃሉ። ሰው ስሙን አይቶ 664 ይገዛና ጣቱ አልደርስ ሲለው ልምምዱን ይረግማል። እጃችሁ ትንሽ ከሆነ 640 ወይም 630 ጠይቁ።