የስቲልፓን ኖታ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚቃኘው ለምንድን ነው?

በትሪኒዳድና ቶባጎ ከዘይት በርሜል ተሠርቶ ዓለምን ያዳረሰውን ስቲልፓን የተባለ የሙዚቃ መሣሪያ በተመለከተ ደጋግሞ የሚያደናግረው ጥያቄ፣ «ኖታው በመለኪያ ልክ ከሆነ ለምን እንደገና ይቃኛል?» የሚለው ነው።

የበርሜሉ ግርጌ በመዶሻ ተደብድቦ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ በኋላ የየኖታው ስፍራ ይለያል፤ ብረቱም በእሳት ይሞቃል። ስፍራው ሲሰፋ ድምፁ ይወፍራል፣ ሲጠብ ይቀጥናል። ይሁን እንጂ አንድ ስፍራ ሲመታ ከመሠረታዊው ድምፅ ጋር ሌሎች ተደራቢ ድምፆችም አብረው ይወጣሉ፤ እነርሱ ካልተስማሙ ኖታው ልክ ሆኖም እንኳ የቆርቆሮ ድምፅ ያሰማል።

ለምሳሌ 440 ሄርዝ (በሰከንድ 440 ንዝረት) የሆነውን «ላ» የተባለ ኖታ እንውሰድ። ቃኚው 440ውን ካገኘ በኋላ የስፍራውን ጫፎች በትንሽ መዶሻ በስሱ እየመታ፣ በርዝመቱ በኩል እጥፉን 880ን፣ በወርዱ በኩል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሦስት እጥፉን 1320ን ያስተካክላል። አንዱ ሲነካ ሌላው ስለሚዛነፍ ወደ መጀመሪያው ደጋግሞ ይመለሳል፤ ይህ እጅግ አድካሚ ሥራ ሲሆን፣ በእኔ እምነት ግሩም መሣሪያ ከተራው የሚለየውም እዚሁ ላይ ነው።

እጥፉን ማስተካከል የማይታለፍ ነው። ሦስተኛው ድምፅ ግን እንደ ቃኚው ምርጫና እንደ ኖታው ስፋት ይለያያል፤ በጣም ጠባብ በሆኑት ቀጫጭን ኖታዎች ላይ እርሱን ማስተካከል ይከብዳል። የኖታዎቹ አደራደርና የጉድጓዱ ጥልቀትም እንደ መሣሪያው ዓይነትና እንደ ሠሪው ይለያያሉ።