የባክቴሪያ ጉሮሮ ሕመም ምርመራና ሕክምና በአዲስ አበባ ዳርቻ

በጀሞ፣ በየካ አባዶም ሆነ በቱሉ ዲምቱ ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው ብዙ ወላጅ «ቶንሲሉ ተነሳበት» ብሎ በቀጥታ መድኃኒት ቤት ይሄዳል። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ግን የቫይረስ ነው፤ በራሱ ጊዜ ይድናል። ባክቴሪያ ሲሆን ዋናው መንስኤ ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂንስ ነው። በብዛት የሚያጠቃው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ነው።

ድሮ እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማስቧጠጥ የተለመደ ነበር፤ ዛሬም ጨርሶ አልቀረም። ደም መፍሰስና ሌላ ኢንፌክሽን ስለሚያመጣ ፈጽሞ አይመከርም።

የጤና ጣቢያው ባለሙያ ልጁን አፍ አስከፍቶ ምላሱን ጫን ያደርግና በባትሪ ያያል። ቶንሲሉ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ነጭ መግል ነጠብጣብ ይዞ እንደሆነ ያጣራል። ቀጥሎ መንጋጋው ሥር በጣቱ ዳብሶ የሚያም ንፍፊት ይፈልጋል። ትኩሳት ይለካል፤ ሳል መኖሩን ይጠይቃል። ሳል፣ ንፍጥና የድምፅ መጎርነን ካለ ወደ ቫይረሱ ያደላል። ትኩሳት፣ መግል፣ ንፍፊትና የሳል አለመኖር አራቱም ቢሟሉ እንኳ ባክቴሪያ የመሆኑ ዕድል ግማሽ ያህል ነው። ቁርጡን የሚለየው ከጉሮሮ በጥጥ የሚወሰድ ናሙና ነው። ካልቸር፣ ማለትም ናሙናውን ላቦራቶሪ ውስጥ አሳድጎ ባክቴሪያውን መለየት፣ አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ፈጣን ምርመራ በደቂቃዎች ያልቃል። ሁለቱም በማይገኙበት ጤና ጣቢያ በምልክት ብቻ ይታከም ወይ የሚለው ያከራክራል። ይህ ባክቴሪያ በኋላ ልብ ላይ የሚያመጣው መዘዝ በበዛበት አገራችን ምልክቱ የተሟላለትን ልጅ ማከሙ ይሻላል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። አሞክሳሲሊን ወይም ፔኒሲሊን ቪ ለ10 ቀን ይወሰዳል። ሌላው አማራጭ አንድ ጊዜ የሚወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው፤ ከ27 ኪሎ በታች ለሆነ 600,000፣ ከዚያ በላይ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት። ይህ ባክቴሪያ እስካሁን ፔኒሲሊንን አልተላመደም። ቴትራሳይክሊንና ኮትሪሞክሳዞል የሚባሉት አንቲባዮቲኮች ግን ለዚህ አይሆኑም። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ከመርፌው በፊት መናገር አለበት። ዝንጅብል በማርና የጨው ውሃ ሕመሙን ያስታግሳሉ፤ ባክቴሪያውን አይገድሉም።

ትልቁ ችግር ሦስተኛው ቀን ላይ «ተሻለው» ብሎ ሽሮፑን ማቆም ነው። በደንብ ካልታከመ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ የሩማቲክ ትኩሳት ሊከተል ይችላል። መገጣጠሚያን ያሳብጣል፤ የልብ ቫልቭን ይጎዳል። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ የተጀመረ ሕክምና ይህን ይከላከላል። ቫልቩ የተጎዳ ልጅ በጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው የልብ ማዕከል ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። የአፍሪካ የልብ ሐኪሞች ይህን በሽታ ለማጥፋት እ.ኤ.አ. በ2015 ሰባት እርምጃ ያለው ጥሪ ያወጡት እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ የቤንዛቲን አቅርቦት ከሰባቱ አንዱ ነው። አንዴ የሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅ ያንኑ መርፌ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት ይወጋል፤ ይህም ሰፈሩ ባለው ጤና ጣቢያ ሊሰጥ ይችላል።