የገለልተኛ ረግረጎች የውሃ ከፍታ ወቅታዊ መለዋወጥ

ገለልተኛ ረግረግ የሚባለው ገባር ወንዝም መውጫም የሌለው፣ ዙሪያውን በደረቅ መሬት የተከበበ ውሃማ ስፍራ ነው። የውሃው ከፍታ የሚወሰነው በዝናብ፣ ከዙሪያው ተዳፋት በሚወርደው ጎርፍ፣ በትነት፣ ዕፅዋት በሚመጥጡት እርጥበትና ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ባለው ልውውጥ ነው። ወንዝ ዳር ያለ ረግረግ ሩቅ አገር የዘነበው ዝናብ ሲደርሰው ሊሞላ ይችላል፤ ገለልተኛው ግን የሚያድረው በራሱ ሰማይ ስለሆነ የወቅቶች መፈራረቅ በእሱ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ለዚህ በቢሾፍቱ ዙሪያ ያለው የአዳአ ሜዳ ጥሩ ማሳያ ነው። በበጋ ጥቁሩ መረሬ አፈር ይሰነጣጠቃል፤ ስንጥቁ አንዳንዴ እጅ ያስገባል። የሰኔ የመጀመሪያ ዝናቦች በዚያው ሰምጠው ስለሚቀሩ ጎድጓዳው ቦታ ለጊዜው ደረቅ ይመስላል። አፈሩ ጠጥቶ ሲያብጥና ስንጥቁ ሲገጥም ወለሉ እንደ ተመረገ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደው ሁሉ ላዩ ላይ ይተኛል። ውሃው ሲጠራቀም ስለሚቆይ ከፍተኛው ደረጃ ላይ የሚደርሰው ዝናቡ ከበረታበት ከሐምሌ ዘግይቶ፣ ወደ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ትነቱ ያይላል፤ ውሃው በሸሸበት ሣር ይበቅላል፤ ከብትም ይሰማራበታል።

የስፍራው ቅርጽም ለውጡን ይወስናል። ቢሾፍቱ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛና እስከ 87 ሜትር የሚጠልቅ በመሆኑ ከፍታው ጥቂት ቢወርድ ዳርቻው እምብዛም አይሸሽም። እዚያው ከተማ ያለው ጥልቀት የሌለው ጨለለቃ ግን ዳርቻው ዝርግ ስለሆነ ውሃው በስንዝር ሲቀንስ ብዙ ጭቃ ይገለጣል፤ ያ ጭቃ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው ለሚመጡ ወፎች መመገቢያ ነው። (ሐዋሳ አጠገብ ያለው ሞክሼው ረግረግ በጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ስለሚፈስ ገለልተኛ አይባልም።)

በሌላ የአየር ንብረት የሚሞላበት ወቅት ይለያያል። በካናዳና በሰሜናዊ ዩናይትድ ስቴትስ ሜዳዎች ላይ ግግር በረዶ ከ10,000 ዓመት በፊት ትቷቸው የሄደ ጉድጓዶች የሚሞሉት በጸደይ ነው፤ መሬቱ ገና በብርድ በረዶ ሆኖ እንደ ጠጠረ የቀለጠው በረዶ መስረጊያ አያገኝም። የካሊፎርኒያ ወቅታዊ ኩሬዎች ደግሞ በብርዱ ወራት ሞልተው በሞቃቱ ወራት ይደርቃሉ። መድረቃቸው ዓሣ እንዳይኖርባቸው ስለሚያደርግ፣ እንቁላላቸው በደረቅ ጭቃ ውስጥ ዓመታት የሚቆይላቸው ጥቃቅን ሽሪምፖች ያለ ስጋት ይራባሉ።

ወቅታዊ መቀነስን ከዘላቂ መመናመን መለየት ቀላል አይደለም። በጥቅምትና በሚያዝያ የተነሱ ሁለት ፎቶግራፎችን አነጻጽሮ «ሐይቁ እየጠፋ ነው» ማለት ብዙ ጊዜ የሚፈጸም ስሕተት ነው፤ ሊነጻጸር የሚገባው የተለያዩ ዓመታት አንድ ዓይነት ወር ነው። ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሉት የላንድሳት ሳተላይት ምስሎች ለዚህ ይረዳሉ፤ ይሁንና ክረምት ላይ ደመና ስለሚጋርዳቸው ሙላቱን በትክክል ለማየት ደመናን የሚያልፍ የራዳር ምስል ይመረጣል። ለሐረር ከተማ ውሃ ይሰጥ የነበረው መውጫ አልባው የሐረማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የደረቀው በወቅት መፈራረቅ ሳይሆን ለመጠጥና ለጫት መስኖ ከሚተካው በላይ እየተሳበ ነው፤ ከዓመታት በኋላ በከፊል ውሃ ይዟል።