ፍንካች ምንድን ነው?

«የጥንት ሰዎች ባልጩት ሞርደው ቢላ ይሠሩ ነበር» የምትል ዓረፍተ ነገር ሰሞኑን እንደገና ብቅ ብላለች። አልሞረዱም። ቋንቋችንም ትንሽ ያሳስታል፤ «ስል» ማለት የተሳለ ነውና ሳይሳሉት ስለት የሚያወጣ ነገር ያለ አይመስለንም። ባልጩት ግን ከእሳተ ገሞራ የሚወጣ የተፈጥሮ መስተዋት ነው፤ ስለቱ ድንጋዩ በተሰበረበት ቅጽበት አብሮ ይወለዳል። ከዚያ በኋላ ቢያሹት ይደነዝዛል እንጂ አይሰላም።

ፍንካች በአንድ ምት ከድንጋዩ ተላጦ የሚወድቀው ስስ ቁራጭ ነው። አንዳንዱ «ትርፍራፊ» ብሎ የሚያልፈው ይህንኑ ነው። ሥጋ ቤት ብንገባ ሙዳው ተሰቅሎ ቆራጩ ስስ ስስ አድርጎ ያነሳለታል፤ የሚበላው የተነሳው ነው። ዋናው ድንጋይ ሙዳው፣ ፍንካቹ ቁርጡ መሆኑ ነው። ሙዳው ጅማት ከበዛበት ቁርጡ እንደሚበላሽ፣ ባልጩትም ውስጡ ስንጥቅ ወይም የአየር ቀዳዳ ካለው ምቱ እዚያው ይከሽፋል። ልዩነቱ ሥጋ ቢላው በሄደበት መቆረጡ ላይ ነው፤ ድንጋይ የሚሰበረው እንደ ገጹ ቅርጽና እንደ ጠርዙ ማዕዘን ነው።

መምቻው ለእጅ የሚመች ድቡልቡል የወንዝ ድንጋይ ነው። የዋናው ድንጋይ የሚመታው ገጽና ፍንካቹ የሚላጥበት ጎን የሚገናኙበት ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ማነስ አለበት፤ 70 አካባቢ ይመቻል። ምቱ ከጠርዙ ጥቂት ሚሊሜትር ገባ ብሎ ያርፋል። ጫፉ ላይ ካረፈ ጠርዙ ይደቅቃል፤ ብዙ ከገባ ምንም ሳይላጥ ውስጥ ውስጡን ስንጥቅ ይተዋል። ኃይል ካነሰው ፍንካቹ መንገድ ላይ ይቆረጥና ገጹ ላይ ደረጃ ይቀራል፤ ቀጥሎ የሚመጣውም ያው ደረጃ ላይ ይሰናከላል።

ማሸት ጭራሽ የለም አልልም። ከመምታት በፊት ስሱ ጠርዝ በሻካራ ድንጋይ ይታሻል፣ ግን እንዲደነዝዝና ምቱን እንዲችል ነው! ተሞርደው የተሠሩ መጥረቢያዎችም አሉ፤ አውስትራሊያ ውስጥ ከ40,000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ተገኝተዋል። እነሱ ግን እንደ ባልጩት መስተዋት አይደሉም።

ድንጋዩ ከየት ይመጣል? በ2016 ዓ.ም. በአዋሽ ወንዝ ዳር ካለው የጥንት ሰዎች ቅሪት ስፍራ ከመልካ ቁንጥሬ ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ባልጪት ስሟም ድንጋይዋም ይኸው ነው፤ ከመልካ ቁንጥሬ በስተሰሜን 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሁልጊዜ እዚያ ድረስ መሄድም አያስፈልግም ነበር፤ የአካባቢው ወንዝ ራሱ ድንጋዩን ያወርዳል። የመልካ ቁንጥሬ አካል በሆነችው ስምቢሮ ላይ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት እንዲህ ከወረደው ባልጩት የእጅ መጥረቢያ ተሠርቷል። (እዚህ ላይ መሣሪያው ብዙ ጊዜ ሙዳው ራሱ ነውና የሥጋ ቤቱ ምሳሌ ያነክሳል።) የባልጪት ድንጋይ ራሱ ከ4 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ ይህን የመሣሪያው ዕድሜ አድርጎ መጻፍ ሌላው ስሕተት ነው።

መሣሪያው ሲደነዝዝስ? ቆዳ የሚፍቁ የኮንሶ ሴቶች የድንጋይ መፋቂያቸው አልፍቅ ሲላቸው ከጠርዙ ጥቃቅን ፍንካች መትተው ያነሳሉ። አዲሱ ስለት ከሥር ይወጣል።