ወሎን ለመዞር፦ ከከሚሴ እስከ ላሊበላ

ወሎ ከአፋር ቆላ ጫፍ ተነሥቶ ከ4200 ሜትር በላይ እስከሚረዝመው አቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወጣ አገር ነው። ጉዞ የሚያቅድ ሰው ከካርታው በፊት ቀኑን ይቁጠር፤ ባቲ ያለ ሰኞ ባቲ አይደለችም። የአፋሩ ግመል፣ የኦሮሞውና የደጋው አማራ እህልና ከብት የሚገናኙት በዚያ የሰኞ ገበያ ነው። ግሸን ማርያም መስከረም 21፣ ላሊበላ ደግሞ በገና ይደምቃሉ። ጀማ ንጉሥ በተባለው የሙስሊሞች መንፈሳዊ ማዕከል የሚከበረው መውሊድ በሂጅራ አቆጣጠር ስለሚውል በየዓመቱ ይዘዋወራል።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በደብረ ሲና፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ አልፎ የሐረጎን ጠመዝማዛ ይወጣል፤ ኮምቦልቻ ላይ የወለቀ ጃኬት ከደሴው ጦሳ ተራራ ሥር ይለበሳል።

አካባቢው ወሎ ከመባሉ በፊት ስለነበረው ስለ ቤተ አምሐራ ዘመን በመንገድ ላይ የሚታይ ነገር ጥቂት ነው። የደሴ ታሪክ ግን የንጉሥ ሚካኤል ታሪክ ነው። የወረ ሂመኖው መሐመድ ዓሊ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ፣ ወደውም ይሁን ተገደው፣ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። የምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አገቡ፤ በዓድዋ የወሎን ፈረሰኛ መሩ። በ1906 በልጃቸው በልጅ ኢያሱ ዘመን የወሎና የትግሬ ንጉሥ ሆነው ነገሡ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ድል ሆነው ተማረኩ። ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ዛሬም ደሴ ውስጥ ቆሟል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል ግብር ይበላበት እንደነበር ደሴዎች በኩራት ይናገራሉ።

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ገዳም ነው። ሴቶች አይገቡበትም። የ1881ዱ የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ውል የተፈረመባት ውጫሌና የአምባሰል ተራራም በዚሁ አቅጣጫ ናቸው። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን ከዚህ ምድር ወስደዋል፤ ትዝታንም አንቺሆዬንም የወሎ የሚሉ አሉ፣ ክርክሩ አላበቃም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 የወደቁባት መቅደላ በተንታ በኩል ናት፤ ጊዜና ጉልበት ትጠይቃለች።

የላሊበላ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሁሉም በአንድ ንጉሥ ዘመን ተፈልፍለው አለቁ የሚለውን አንዳንድ አጥኚዎች አይቀበሉም።

ምቹው ወቅት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር ነው፤ በየካቲት የበልግ ዝናብ ሊጀምር ይችላል። ከ2014ቱ ጦርነትና ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ካለው ግጭት የተነሣ መንገድ ድንገት ሊዘጋ ስለሚችል፣ በዋዜማው መናኸሪያ ሄዶ በዚያው መስመር የሚሠሩ ሾፌሮችን መጠየቅ ያስፈልጋል።